ማታለል በማይቻልበት ጨዋታ ሐቀኛው ማን ነው?

ጨዋታ የልጆች ትምህርት ቤት ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ የሚያስተምረው ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ልጆች በጨዋታ አማካይነት ሕግ ማክበርን ይማራሉ ብለን እናልፈዋለን። ለመሆኑ ሕግ መጣስ ከቶ በማይቻልበት ጨዋታ ያደገ ልጅ ሕግ አክባሪ ሊባል ይችላልን?

ይህን ጥያቄ በዚህ ጸሐፊ አእምሮ ውስጥ የጫረችው በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ጌም ቤት ናት። በውስጧ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ተራ የሚጠብቁ አሥር ያህል ልጆች ነበሩ። ከደጇ ደግሞ ሁለት ታዳጊዎች መሬት ላይ በቆፈሩት ገበጣ ይጫወታሉ። የውጪዎቹ ጭቅጭቃቸው አያባራም። አንዱ «ሁለት ጠጠር ባንድ ቤት ጥለሃል» ይላል፤ ሌላው በእናቱ ስም ይምላል፤ እንደገና ይቆጥራሉ፤ ይታረቃሉ፤ ይቀጥላሉ። የውስጦቹ ግን ኳሱ ገባ አልገባ ብለው አንድም ጊዜ አልተከራከሩም። ማሽኑ ገባ ካለ ገባ ነው። የእነርሱ ክርክር ከጨዋታው ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ተራው የማን ነው፣ ተሸናፊ ይነሣ ወይስ ይቀመጥ፣ የተከፈለበት ሰዓት አልቋል ወይስ አላለቀም የሚል ነው።

በመሠረቱ የገበጣ ሕግ የሚኖረው በተጫዋቾቹ ስምምነት ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፤ ባለ ሦስት አለ፤ ባለ አራት አለ። የቤቱ ቁጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ የመዝሪያው አቅጣጫ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ከሁለት የተለያዩ ቀዬዎች የመጡ ሰዎች ገበጣ ፊት ሲቀመጡ የመጀመሪያው ጨዋታቸው ውል መዋዋል ነው። «በእናንተ አገር እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ምን ያህል ትምህርት እንዳለው ለመምህራን ማስረዳት አያሻም።

አሁን ገበጣ ወደ ስልክ ገብቷል። አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ኩኩሉ» በተሰኘው ጨዋታው ታውቋል፤ ገበጣንም ለስልክ አዘጋጅቷል። ጥረቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከአገሩ ርቆ ብቻውን ለሚኖር ሰው የስልክ ገበጣ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ገበጣን ለማሽን የሚያሰናዳ ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሳይዘራ ሕጉን መወሰን ግድ ይሆንበታል። ተጫዋቾቹ ሊዋዋሉት ይገባ የነበረውን ውል ሌላ ሰው አስቀድሞ ፈርሞላቸዋል ማለት ነው። ጠጠሩን የሚቆጥረው ማሽኑ ነው፤ የሚዘራውም ማሽኑ ነው። ሁለት ጠጠር ባንድ ቤት የሚጥል እጅ የለም።

ፕላቶን ስለ ጊጌስ ቀለበት ያስነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ሰው ሳይታይ የፈለገውን ማድረግ ቢችል ጻድቅ ሆኖ ይኖራልን? ማሽኑ የዚህ ቀለበት ግልባጭ ነው። ቀለበቱ ማንኛውንም በደል ይፈቅዳል፤ ማሽኑ አንዱንም አይፈቅድም። የሰው ሐቀኝነት በቀለበቱ ይፈተናል፤ በማሽኑ ግን ፈተናው ራሱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ግን የጌም ቤቷ ልጆች የሚሰጡትን መልስ መሸሽ አይገባም። ከደጅ ሲጫወቱ ከነበሩት አንደኛው በዕድሜ ከፍ ያለ ነበር፤ ክርክሩን ዘወትር የሚረታውም እርሱ ነበር። መሬት ላይ በሚቆፈር ገበጣ የትልቁ ወንድም አቆጣጠር ሕግ ይሆናል፤ ታናሽየው እያወቀ ይሸነፋል። ማሽኑ ዘንድ ታላቅም ታናሽም የለም። ጸሐፊው በልጅነቱ ታናሽ ስለነበረ ይህን መልስ አቃልሎ ሊያልፈው አይችልም። ጡንቻ በሚፈርድበት ቦታ የማያዳላ ዳኛ ማስቀመጥ መልካም ሥራ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ያ ዳኛ ሊጠየቅ ይችላል ወይ የሚለው ነው፤ ታላቅ ወንድምን ቢያንስ እናት ትገሥጸዋለች።

ስለ «ኩኩሉ» ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዶሮዋ ከገበሬው ታመልጣለች፤ ተጫዋቹ መንገድ ያስመርጣታል እንጂ አያስቆማትም። ደስ ይላል፤ ጣትን ያፈጥናል፤ ኅሊናን ግን አይጠይቅም።

ኅሊናን የሚጠይቅ የማሽን ጨዋታ ግን አለ። ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው «ፔፐርስ ፕሊስ» (ወረቀትዎን እባክዎ ማለት ነው) በእኛ ዘንድ ብዙም አይታወቅም። ሥዕሉ ሆን ተብሎ እንደ ጥንቶቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ደብዛዛና ሻካራ ነው። ተጫዋቹ አርስቶትስካ በተባለች የልብ ወለድ አገር የጠረፍ ሹም ሆኖ ፓስፖርት ይመረምራል። ደመወዙ ባስተናገደው ሰው ልክ ነው፤ ቤቱ የሚበርደው፣ የሚራብና የሚታመም ቤተሰብ አለው። አንድ ቀን አንድ ሰው የተሟላ ወረቀት ይዞ ያልፍና ሚስቱ ከኋላው እንደምትመጣ ይናገራል። ሚስቲቱ ትመጣለች፤ የመግቢያ ፈቃድ ግን የላትም።

ማሽኑ እዚህ ላይ አይከለክልም። ማኅተሙን ሁለት አድርጎ ያቀርባል፤ የሚያሳልፍና የሚመልስ። ያሳለፋት እንደሆነ የጥፋት ወረቀት ይታተምለታል፤ በዕለቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥፋቶች በማስጠንቀቂያ ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብ ይቆረጣል። ይህች የሁለት ማስጠንቀቂያ ቀዳዳ በጸሐፊው አስተያየት የጨዋታው እምብርት ናት። ምሕረት ማድረግ ይቻላል፤ ግን ተቆጥሮ የተሰጠ ምሕረት ነው፤ ለሴትየዋ ያዋለው ለሚቀጥለው ተሰላፊ ላይኖረው ይችላል። በቢሮ ወንበር ተቀምጦ የሰው ጉዳይ በእጁ ያለፈ ሁሉ ይህን ስሌት ያውቀዋል። ጸሐፊው ሲጫወት ሴትየዋን አሳለፋት፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የአንድ ሽማግሌ ወረቀት ላይ የነበረችን ትንሽ ስሕተት አይቶ መለሳቸው። ማንም አላዘዘውም። ማስጠንቀቂያው እንዳያልቅበት ሰስቶ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ ማሽን ራሱ አይደለም። ለስልክ ገበጣ የሚያዘጋጁ ወጣቶች ጨዋታው ሳይጀመር ሁለቱን ተጫዋቾች ስንት ቤት፣ ስንት ጠጠር፣ በየት አቅጣጫ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ሁለቱም ካልተስማሙም የመጀመሪያውን ጠጠር ባያወጡላቸው፣ ከጠፋው ውል ከፊሉ ይመለሳል። ሁለት ጠጠር ባንድ ቤት የመጣሉ ነገር ይከብዳል፤ የሚያታልል እጅ እንዲኖር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የታናሽ ወንድሞችን እሮሮ መስማት ይኖርበታል። የጉለሌዎቹ ሁለት ታዳጊዎች በዚያ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ ጉድጓዶቻቸውን ሞላባቸው፤ ጠጠራቸውን በኪሳቸው ከተው ወደ ጌም ቤቷ ገቡ፤ ታናሽየውም ቀድሞ ተራ ያዘ።