ማንን ነው የማናየው?

ከዚህ በታች የማቀርበው ሐሳብ የተነሣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የዕድር ስብሰባ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ አንዲት ሴት በዕድራችን ለመመዝገብ አመለከተች። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚጠጋ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ካለ መጠጥ ቤት በስተጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት ነበረች። በምን እንደምትተዳደር የማያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። የዕድሩ ጸሐፊ እኔ ስለ ነበርሁ የመመዝገቢያውን ገንዘብ በፖስታ አድርጋ በእጄ ሰጠችኝ።

በስብሰባው የተነገረውን ሁሉ አልደግመውም። አንዱ «ዕድራችን የትዳር ሰዎች ማኅበር ነው» አለ። ሌላው «ነገ ብትሞት ድንኳን ጥለን ማንን ልናጽናና ነው?» ሲል ጠየቀ። አንዲት እናት ደግሞ ለአቅመ አዳም የደረሱ ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሏቸው በትካዜ ተናገሩ። ክፍሏን ያከራዩአት ሰው ከዕድሩ ዳኞች መካከል ተቀምጠው ነበር፤ ምንም አልተናገሩም። እኔም ቃለ ጉባኤ እየጻፍሁ ነበርና ምንም አልተናገርሁም። ማመልከቻው «ለጊዜው ይቆይ» ተብሎ ታለፈ። በአዲስ አበባ ዕድር የሌለው ሰው ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻም፤ ቀባሪ የሌለው ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ በመጀመሪያ የታዘብሁት የገዛ ቋንቋችንን ነው። ለሴቲቱ ስም ሞልቶአል። «ጋለሞታ» የሚለው ቃል ባሏን የፈታችውንም፣ ባሏ የሞተባትንም፣ ያለ ባል የምትኖረውንም ሁሉ ሲጨምር የኖረ ነው፤ ባል አልባ መሆንና መርከስ በአንድ ቃል ተጠቅልለው ማለት ነው። «ሴተኛ አዳሪ» የሚለው ስም ሲመረመር ያን ያህል ስድብ የለበትም። «ማደር» ሌሊትን ማሳለፍም ኑሮን መግፋትም ነውና፣ ወታደሩና ሠርቶ አደሩ ከተጠሩበት ግስ የተገኘ ስም ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በመሥሪያ ቤቶችና በጤና ጽሑፎች «በወሲብ ንግድ የተሰማሩ ሴቶች» የሚለው መጠሪያ ተለምዶአል። ነገር ግን ንግድ ሻጭ እንዳለው ሁሉ ገዢም አለው፤ ገዢው እዚህም ላይ ስም አልወጣለትም። በመጠጥ ቤቱ «ደንበኛ» ይባላል፤ ይህም ስኳርና ሳሙና ለሚገዛ ሰው የሚሰጥ ስም ነው። ከቤቱ ሲገባ አባወራ ነው፤ በዕድር አባል ነው፤ እሑድ ጠዋት ምናልባት ከእኛው ጎን ይቀመጣል።

ሕጋችንስ ምን ይላል? አንዳንድ ሰው ነገሩ በኢትዮጵያ የተከለከለ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ የተፈቀደ ይመስለዋል። ሁለቱም በትክክል አላወቁትም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሰውነቷን በገንዘብ የምትሰጠውን ሴት በዚህ ብቻ ወንጀለኛ አያደርጓትም። የኋለኛው ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላው ሰው ዝሙት መጠቀምን መተዳደሪያው ያደረገውን ሰው፣ እንዲሁም ለዚሁ ተግባር የሚውለውን ቤት በባለቤትነት ወይም በኃላፊነት የሚይዘውን ነው። በደንብ መተላለፍ ክፍሉ ደግሞ በአደባባይ አላፊ አግዳሚውን ለዝሙት መጋበዝና በዚህ ሥራ ጎረቤትን ማወክ ያስቀጣል። በሰው የመነገድን ወንጀል ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ድሆችን አታልለውና አስገድደው የሚጠቀሙባቸውን ለመቅጣት የታሰበ ነው።

በወረቀት ሲታይ እንግዲህ የሕጉ ዓይን ያነጣጠረው በሚጠቀሙባት ላይ ነው። እኔ ግን በኖርሁበት ሰፈር ሌሊት አፈሳ በተደረገ ጊዜ በመኪና ተጭነው ሲሄዱ ያየኋቸው ሴቶቹን ብቻ ነው፤ ቤቱን ያከራየ ሰው በአንቀጽ 634 ተከሰሰ ሲባል አንድም ጊዜ አልሰማሁም። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ልመናንና የጎዳና ላይ ሴተኛ አዳሪነትን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ እያዘጋጀ መሆኑ በተነገረ ጊዜም የብዙዎቻችን ደስታ መንገዱ ሊጸዳ ነው የሚል ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው «ለነገዋ» የተሰኘው የሴቶች ተሐድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል የተሻለ መንፈስ አለው። ልማድና ሥራ እንዲለወጥ ከተፈለገ ሙያ ማስተማር ግድ ነውና። ሆኖም በዚህም ላይ ተሐድሶ የሚያስፈልጋት እርሷ ብቻ እንደ ሆነች ሁላችንም ያለ ጥርጥር ተቀብለናል።

ነገሩ በከተማችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ሴተኛ አዳሪነት ታሪክ ጽፈዋል። ላቀች ድራሴም እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ያለውን ከከተማይቱ የኢኮኖሚ ኑሮ ጋር አገናኝተው መርምረዋል። ሁለቱን ያነበበ ሰው ይህ ነገር ከሴት ልጅ ጠባይ ይልቅ ከጦር ሠራዊት፣ ከንግድና ከከተማ ማደግ ጋር እንደሚሄድ ይረዳል። የሚመጡበት መንገድም የታወቀ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ቢያደርግም፣ ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ዛሬም ከባሏ ቤት ትሸሻለች። በአውቶቡስ ተራ ደላላ ይቀበላታል፤ የቤት ሠራተኛ ትሆናለች፤ ስታረግዝ ትባረራለች፤ ከማን እንዳረገዘች ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ከዚያ ጠላ ቤት፣ ከጠላ ቤት አረቄ ቤት፣ ከአረቄ ቤት ቡና ቤት። በደብረ ዘይት መንገድ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ሲያልፉበት የኖሩት የሳሪስ አካባቢ ይህን ጉዞ አሳምሮ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ከስብሰባው በኋላ ነገሩን ያጫወትሁት አንድ የተማረ ወዳጄ ሳቅ አለና፣ «እነርሱ ባይኖሩ የእኛ ሴቶች ልጆች በሰላም ወጥተው በሰላም ባልገቡ ነበር» አለኝ። ይህ በብዙ ቤት የሚነገር፣ ያረጀም አስተሳሰብ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ «ስለ ሥርዓት» በተባለው ድርሰቱ ሴተኛ አዳሪዎች ከሰዎች ኑሮ ቢወገዱ ፍትወት ሁሉን ነገር እንደሚያናውጥ ጽፎአል፤ ከእነርሱም አስቀድሞ አስፈሪ ሆኖ ሳለ ለከተማ አስፈላጊ ነው ብሎ የጠቀሰው ሰያፊውን ነው። ይህ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ386፣ ቅዱሱ ገና ሳይጠመቅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም የባሰ ክፉ እንዳይመጣ ገዢዎች አንዳንዱን ክፉ ይታገሣሉ ለማለት ይህንኑ ሐሳብ ጠቅሶአል። እርሱ ሳይፈጽመው የቀረውን የመንግሥት አስተዳደር ድርሰት የቀጠለው ጸሐፊ ደግሞ ከዚያ አልፎ ነገሩን በቤተ መንግሥት ካለ የቆሻሻ ቦይ ጋር አመሳሰለው፤ ቦዩ ቢወገድ ቤተ መንግሥቱ ይገማል በማለት።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ተጠላልፈው ይገኛሉ። አንደኛው ሕግ ኃጢአትን ሁሉ ሊቀጣ አይችልም፣ ቢሞክርም የሚያጠፋው ከሚያለማው ይበልጣል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ሴቲቱን በወኅኒ የሚያስገባ ሕግ አልሻም። ሁለተኛው ግን ሴተኛ አዳሪዋ ትጠቅመናለች የሚል ነው። ይህ በክርስቲያን አፍ ሊነገር የማይገባው ነው። ቦይ እንዲኖር የአንድ ሰው ልጅ ቦይ መሆን አለባትና። ወዳጄ «የእኛ ሴቶች ልጆች» ሲል ማን ማንን እንደ ቆጠረ አላውቅም፤ በቤቱ ልብስ የምታጥበው ከጎጃም የመጣችው ልጅ ከቁጥሩ መግባትዋን አልጠየቅሁትም። ደግሞም በዚህ ምሳሌ ወንዱ እንደ ጎርፍ ይታሰባል፤ ጎርፍ ደግሞ አይመከርም፣ አይጠየቅም፣ ማስተንፈሻ ብቻ ይቆፈርለታል። ወንድን ከዚህ በላይ የሚያዋርድ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይሁን እንጂ ወንዶች ሲሰድቡበት ሳይሆን ሲጽናኑበት ነው የምሰማው።

ቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘመን በግልጽ ተናግራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሴተኛ አዳሪነትንና በሴቶችና በሕፃናት መነገድን የሰውን ክብር ከሚያዋርዱ ነገሮች ጋር ቆጥሮ፣ እነዚህ ሁሉ ከተበዳዩ ይልቅ በዳዩን እንደሚያረክሱ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶስም ከፋዩ በራሱ ላይ ከባድ ኃጢአት እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሴቲቱን በሚመለከት ድርጊቱ ምንጊዜም ከባድ ኃጢአት ሲሆን፣ ድህነት፣ ማስፈራራትና የኅብረተሰብ ጫና ተጠያቂነትዋን ሊያቀልሉት እንደሚችሉ ያመለክታል። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በሮማ ከዚህ ሕይወት የወጡ ሃያ ሴቶችን በጎበኙ ጊዜ ስላሠቃዩአቸው ክርስቲያኖች ሁሉ ይቅርታ ለምነዋል።

የሌሎች አገሮች ሕግ ታሪክም ይህንኑ ጥያቄ ያነሣል። በእንግሊዝ አገር ከ1864 ጀምሮ ለወታደሮች ጤና ሲባል የተጠረጠሩ ሴቶች በግድ ይመረመሩ ነበር፤ ወንዶቹ ግን አይመረመሩም። ጆሴፊን በትለር የተባለች ክርስቲያን ሴት ለዓመታት ታግላ ሕጉ በ1886 ተሻረ። ስዊድን በ1999 ገዢውን ብቻ የሚቀጣ ሕግ በሥራ ላይ አዋለች፤ ፈረንሳይም በ2016 ተከተለቻት። ጀርመን በ2002፣ ኒው ዚላንድ በ2003 በሌላ መንገድ ሄደው ነገሩን ከሥራ መስኮች እንደ አንዱ በሕግ ሥር አስገቡት። የስዊድኑን መንገድ የሚቃወሙ ገዢው ቅጣት ሲፈራ ሴቲቱን ወደ ጨለማ ይዞአት ይሄዳል ይላሉ፤ ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም፤ ሌላ እንጀራ በሌላት ሴት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የሰሜኑን ሕግ ገልብጠን እናውጅ ለማለት አልደፍርም። አንድ ነገር ግን ስዊድኖች አድርገዋል፤ ለገዢው በሕግ መጽሐፋቸው ውስጥ ቦታ ሰጥተውታል።

ለእኛ የሚቀርበው ጥያቄ የገዢው ሳይሆን የአከራዩ ይመስለኛል፤ ሕጉ አለና። አከራዩ «እኔ ቤት ነው የማከራየው፤ ስለ ሌላው እርሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ» ይላል። ቃሉ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ማንኛዋም ሴት የምታድርበት ጣሪያ ያስፈልጋታል፤ በኑሮዋ ምክንያት ከቤት ማስወጣት ጽድቅ አይደለም፤ ወደ ባሰ ቦታ መግፋት ነው። ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊው በሚያከራየው ዋጋ ለእርሷም ቢያከራይ በኃጢአትዋ ተባብሮአል አልልም። ነገር ግን ለልብስ ሰፊው ከሚያስከፍለው እጥፍ የሚያስከፍላት ከሆነ፣ ያ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ የሚመጣበትም መንገድ እንዳይቋረጥ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የቤት ኪራይ መሆኑ ያበቃል። በሰፈራችን ያሉት እንዲህ ዓይነት ክፍሎች ዋጋቸው እጥፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ዳኞቹም ያውቁ ነበር።

ወንዶች ልጆች ያሏቸውን እናት በግብዝነት አልከስሳቸውም። ፍርሃታቸው የእውነት ነው፤ የልጆቻቸው ጠባይ ሲበላሽ ለማየት የሚሻ ማንም የለም። የሚያሳዝነኝ ፍርሃታቸው ሁሉ ከውጭ በቆመችው ሴት ላይ ማረፉና ከልጆቻቸው ጋር ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አለማወቃቸው ነው፤ ይህን ራሳቸው በኋላ ነግረውኛል። በሉቃስ ወንጌል ፈሪሳዊው ስምዖን ወደ ቤቱ የገባችው ሴት ምን ዓይነት እንደ ሆነች አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ጌታ ግን አያት እንደ ሆነ ጠየቀው።

ከሦስት ወር በኋላ ዳኞቹ ገንዘቡ እንዲመለስላት ወሰኑ፤ የሚመልሰውም ጸሐፊው ነበር። ወደ ክፍሏ ስሄድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቡና ትለቅማለች። ፖስታውን ሳቀብላት ነገሩ ገብቶአት ኖሮ ምክንያቱን አልጠየቀችኝም።

«ጋሼ፣ አከራዬም ከውስጥ ነበሩ?» አለችኝ።

«ነበሩ» አልኋት።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

«እርስዎስ?»

መልስ አልነበረኝም። ቡና ጠጥቼ እንድሄድ ለመነችኝ፤ ቸኩያለሁ ብዬ ሄድሁ። በመጪው ዓመታዊ ጉባኤ የመተዳደሪያ ደንባችን የአባልነት አንቀጽ እንዲታይ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ሁለት ሰዎችም ፈርመውልኛል። እርሷ ግን ሰፈሩን ከለቀቀች ቆይታለች፤ ክፍሏ በዚያው ዋጋ ለሌላ ሴት ተከራይቶአል።