ስለማይበላና ስለማይቈረጥ ዛፍ

ፍሬው የማይበላ፥ ግንዱም የማይሸጥ ዛፍ መትከልና መኰትኰት ለሰው ይገባዋልን? ይህ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። ውሃ በእንስራ፥ ማገዶም በጀርባ በሚመጣበት አገር ውሃውን ስለ ውበት ብቻ ማፍሰስ ምክንያት ይሻል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ሐይቁ ገብቶ በሚገኝ ምድር ላይ በዛፍ ተከቦ ይኖራል። በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንቱ ደን በብዙ ስፍራ ተመንጥሮ ሲያልቅ የተረፈው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ቅጥር ውስጥ ነው። ወይራና ጥድ ምሰሶም ማገዶም መሆን ይችላሉ፤ በዚያ የቆሙት ግን ለመቈረጥ አይደለም። ደግሞም ቀስ ብለው ያድጋሉና ችግኙን ከፍየል የጠበቀው ሰው ብዙ ጊዜ ጥላውን ሳያይ ይሞታል።

ወንጌል የሚያውቅ ሰው ቅጠል ብቻ የተገኘባትን በለስ ያነሣ ይሆናል። መልካም ተቃውሞ ነው። ነገር ግን ብዙዎች መተርጕማን እርስዋን የግብዝነት ምሳሌ ያደርጓታል፤ ጥድ ግን ፍሬ አለኝ ብሎ ማንንም አላታለለም። በኦሪት ዘፍጥረትም ስለ ገነት ዛፎች ሲነገር ለዓይን ማማራቸው ከመብልነታቸው ቀድሞ ይገኛል።

በጃፓን አገር ሞሚጂ የሚሉት ዛፍ አለ። ቅጠሉ እንደ ሕፃን እጅ የተከፈለ፥ በመጸውም ወራት የሚቀላ ነው። በአትክልቱ ስፍራ የሚተክለው ሰው የከሰዓት ፀሐይ የቅጠሉን ጠርዝ እንዳያቃጥለው ጥላ ይፈልግለታል፤ ከደረቅ ነፋስ ይከልለዋል፤ ሥሩ እንዳይደርቅ፥ ውሃም እንዳይተኛበት ይጠነቀቃል። ስለዚህ ሁሉ ድካም የሚያገኘው ማየትን ነው። ፍሬ ቢሆን ለቅሞ በጐተራው ይዘጋበት ነበር፤ መልክን ግን ማንም አይዘጋበትም፥ በአጥሩ ውጭ የሚያልፈው መንገደኛ ሳይከፍል እኩል ይካፈለዋል። የዚህ ድካም ጽድቅም ከዚሁ ላይ ይመስላል።

ሆኖም አንድ ነገር ይቀራል። በብርድ ሌሊት ማገዶ ያጣች እናት ከደብሩ ወይራ ቅርንጫፍ ብትሰብር ፍርዱ ምንድር ነው? እርስዋን ብቻ የሚከስ ዳኛ ጥፋቱን ከግማሽ ላይ ጀምሯል፤ አስቀድሞ ማገዶ የሚሆናትን ማን ተከለላት? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ደርሶ ይቈረጣል፥ ከጕቶውም ደግሞ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ወይራው እንዲቆም የሚወድ ሰው በክረምት መግቢያ ሁለት ጕድጓድ ይቈፍራል፤ አንዱን በቅጥሩ ውስጥ ለወይራ፥ ሁለተኛውን በድኻይቱ ማሳ ዳር ለባሕር ዛፍ። ይህ ሁለተኛው ግን ከምንጭ ይራቅ፤ ውሃ አብዝቶ ይጠጣልና።