ስለ ባልቴቶች ሞት ቈጠራ

የቀድሞ ዘመን ባልቴቶች ከዛሬዎቹ ይልቅ ረዥም ዕድሜ ይኖሩ ነበርን? ይህን ጥያቄ በጋምቤላ ከተማ፥ ባሮ ወንዝ ዳር፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጡ ሰዎች ብናቀርብላቸው መልሱ ወዲያው ይመጣል። አንዱ «የድሮ ሰው መቶ ሃያ ዓመት ይኖር ነበር፤ የዛሬውን ሰው ስኳርና ዘይት ፈጀው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ድሮ ሐኪም የለ፥ መድኃኒት የለ፤ ማን ለእርጅና ይበቃ ነበር?» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም በሙሉ ልብ ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግን የቈጠሩት ነገር የለም። እኔም ማን እንደ ረታ ለመፍረድ አልተነሣሁም። ለፍርዱ የሚያስፈልገው መዝገብ ለምን እንደ ታጣ፥ መታጣቱም ስለ ጠባያችን ምን እንደሚመሰክር ወጣቱ አንባቢ ከእኔ ጋራ እንዲመረምረው እወዳለሁ።

አስቀድመን ማወዳደር ማለት ምን እንደ ሆነ እናስተውል። ዘንድሮ በአንድ ቀበሌ አሥር ባልቴቶች ሞቱ ቢባል፥ የሞቱት ከሃምሳ ነው ወይስ ከአምስት መቶ? ይህ ካልታወቀ ወሬው ወሬ ብቻ ነው። የሞትን ልክ ለማወቅ የሟቾች መዝገብና በሕይወት ያሉት ሰዎች መዝገብ ያስፈልጋሉ፤ በሁለቱም ላይ የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ መጻፍ አለበት።

ዕድሜው ለምን? ወጣቱ አንባቢ እርሳስ ይያዝና ከእኔ ጋራ ያስላ። በአንድ ወረዳ ዕድሜያቸው 60 ዓመት የሞላ 1,000 ሴቶች ነበሩ እንበል። ከእነርሱም 900ዎቹ 70 ዓመት ያልሞላቸው፥ 100ዎቹ 70 የሞላቸው ናቸው። በዓመቱ ከታናናሾቹ ከመቶ 3፥ ከታላላቆቹ ከመቶ 10 ቢሞቱ፥ ሟቾቹ 27 እና 10፥ በድምሩ 37 ይሆናሉ። ከ30 ዓመት በኋላ በዚያው ወረዳ እንደ ገና 1,000 ሴቶች አሉ፤ ነገር ግን ኑሮ ስለ ተሻሻለ 600ዎቹ ከ70 በታች፥ 400ዎቹ 70 የሞላቸው ሆነዋል። አሁን ከታናናሾቹ ከመቶ 2፥ ከታላላቆቹ ከመቶ 8 ብቻ ይሞታሉ። ድምሩ 12 እና 32፥ ማለት 44 ነው። እንግዲህ በየዕድሜው ሞት ቀንሶ ሳለ የሟቾቹ ቍጥር ጨመረ። ዕድሜን ሳይለይ የሚያወዳድር ሰው «ዘመኑ ከፋ» ብሎ ይጮኻል፤ የሚጮኸውም ባልቴቶቹ በመክረማቸው ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚያሳየው በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ሴት ስትወለድ ትኖራለች ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ 40 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 70 ቀርቧል። ይህን የሰማ ተማሪ «ያን ጊዜ ሴት ሁሉ በ40 ዓመቷ ትሞት ነበር» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብዙ ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ስለ ነበረ አማካዩን ወደ ታች ጐተቱት እንጂ፥ ያን የሕፃንነት አደጋና የወሊድን ጣር ያለፈች ሴት ፀጉሯ እስኪሸብት ትቈይ ነበር። ስለዚህ የልደት ዕድሜ ግምት 30 ዓመት መጨመሩ በአብዛኛው ስለ ልጆች መዳን ይነግረናል፤ የ65 ዓመት ባልቴት ዛሬ ከአያቷ ይልቅ ስንት ዓመት እንደ ተጨመረላት ግን አይነግረንም።

በጋምቤላ ደግሞ ዕድሜን ማወቅ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። በኑዌር ባህል ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግንባሩ ይቀደድ ነበር፤ በአንድ ወቅት የተቀደዱትም አንድ የዕድሜ ጓድ ስለ ሆኑ፥ ሽማግሌው ጓዱን ሲናገር ዕድሜው በግምት ይታወቃል። ሴት ልጅ ግን ይህ ሥርዓት አልነበራትም። አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼን «የአያቶቻችሁን ዕድሜ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ አምጡ» እል ነበር። የሴት አያቶች ሁሉ 60 ወይም 70 ወይም 80 ሆነው ይመጡልኛል፤ 63 ወይም 77 የሆነች አያት ብዙ ጊዜ አላየሁም። ይህ በመላው አገር ቈጠራ የሚታይ ነገር ነው፤ ዕድሜውን የማያውቅ ሰው በዜሮና በአምስት በሚያልቅ ቍጥር ላይ ያርፋል። አንዳንዲቱም ለክብሯ አሥር ዓመት ትጨምራለች፤ በዚህ አልፈርድባትም።

መዝገብ የመያዝ ጥበብ ግን ወደ ጋምቤላ ዘግይቶ አልመጣም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋራ በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፥ ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ቈይቷል። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበር፤ የደጋውም ቡና በዚያ ይወርድ ነበር። የቡናው ክብደትና ዋጋ ተመዝግቧል። ቡናውን ያየው ጸሐፊ ከመጋዘኑ አጥር ውጭ በቆሎ ትወቅጥ የነበረችውንም ባልቴት አይቷት ይሆናል፤ እርሷ ግን ቀረጥ አትከፍልም።

በለንደን ከተማ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1662 ጆን ግራውንት የሚባል ነጋዴ የከተማይቱን የሞት ዝርዝር መርምሮ መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ የሞት ቈጠራ ዕውቀት ጀመረ ይባላል። በዚያ ዝርዝር ላይ የሞቱን ምክንያት የሚወስኑት ሐኪሞች አልነበሩም። ሬሳውን እያዩ የሚመሰክሩት፥ ለዚሁ ሥራ የማሉ፥ ድኾች አሮጊቶች ነበሩ። ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የሞት መርማሪዎች ባልቴቶች መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ወደ አገራችን እንመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት በመዝገብ እንዲጻፍ ቢደነግግም፥ ያው ሕግ ራሱ አፈጻጸሙን ለሌላ ጊዜ አቈየው። የሕዝብ ቈጠራ በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል፤ አራተኛው ደጋግሞ ተላልፏል። በመጀመሪያው ቈጠራ ጊዜ ጋምቤላ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበረች፤ በሦስተኛው ጊዜ ክልል ሆና ነዋሪዎቿ 307 ሺህ ያህል ተቈጠሩ። በመካከሉ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች ገቡ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞች በክልሉ ተጠልለዋል። እንግዲህ በኢታንግ ወይም በፑኝዶ የሞተች ባልቴት ከየትኛው ሕዝብ ተቀንሳ ትጻፋለች?

ቈጠራው ባይደርስ በጥናት ይሞላ ይሆናል ብለን ተስፋ እናድርግ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአገሪቱ ሁሉ ተደርጓል። ጠያቂዎቹ ከቤት ቤት እየሄዱ «ከእናትሽ የተወለዱ እኅቶችሽ ስንት ናቸው? የሞቱት በምን ዕድሜ፥ በእርግዝና ነውን?» ይላሉ። ከዚህ ከተገኘው መልስ በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ሞተው እንደ ነበረ፥ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ይህ ወደ 412 እንደ ወረደ ተገመተ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የብዙ እናቶችን ሕይወት ለማትረፍ ረድቷል። ነገር ግን የሚጠየቁት ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ብቻ ናቸው፤ ተሰልቶ የሚወጣውም የጐልማሶች ሞት በ49 ዓመት ያበቃል። ወንዱ ግን እስከ 59 ዓመቱ ይጠየቃል። ጥናቱ ከሥሩ የታሰበው ስለ መውለድ ነውና፥ ሴቲቱ መውለድ ስታቆም ከጥያቄው ወረቀት ትወጣለች።

ማንንም ክፉ አሳቢ ብዬ አልከስም፤ ገንዘብና ጊዜ የሚበቃው ለአንዳንድ ነገር ብቻ ነው። ሆኖም ምርጫው አንድ አሳብ ያዘለ ነው። የሰው ሞት የሚቈጠረው ሰው ስለ ሆነ ነው ወይስ ለሌላ ሰው ስለሚያስፈልግ? ሁለተኛው ከሆነ፥ ባልቴቷ ከሚዛኑ ላይ የወረደችው ገና በሕይወት ሳለች ነው። በሁለተኛውም ሚዛን ቢሆን ፍርዱ ትክክል አይደለም። በ2003ና በ2008 ዓ.ም. በተደረጉት ጥናቶች ኤች.አይ.ቪ. በብዛት የተገኘው በጋምቤላ ክልል ነበር፤ በ2003 ከመቶ 6.5፥ በ2008 ከመቶ 4.8። ወላጆች በሞቱበት ቤት ልጆቹን ማን አሳደጋቸው? ከጥያቄው ወረቀት የወጣችው አያት አይደለችምን?

«ታዲያ መቈጠር ዕድሜ ይጨምራልን? አሮጊት መሞቷ አይቀርም» የሚል ይኖራል። መሞቷስ አይቀርም፤ የሚቀርም የለም። ነገር ግን «እርጅና ነው» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ የደም ግፊትን፥ ለአርባ ዓመት የጠጣችውን የምድጃ ጢስ፥ በጨለማ ወድቃ የተሰበረችውን ዳሌ። አዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው በየመቃብር ስፍራው የሚቀበረውን ሰው ዕድሜና የሞቱን ምክንያት በማስመዝገቡ፥ የኤድስ መድኃኒት ሲመጣ ሞት እንዴት እንደ ቀነሰ በግልጽ ታይቷል። የታየው ሞት የተጻፈበት ስፍራ ነው።

ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሞት በየቀበሌው በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ በአዋጅ ተጀምሯል፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም ስደተኞች ይመዘገባሉ። አሁን ወጣቱ አንባቢ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ማን እንደሚሄድ ልብ ብሎ ይመልከት። ጡረታ የነበረው ሰው ሲሞት ሚስቱ ትሄዳለች፤ ቤት የተወ ሰው ሲሞት ወራሾቹ ይሽቀዳደማሉ፤ ማስረጃው ያስፈልጋቸዋልና። ጡረታ ያልነበራት፥ በስሟ ቤት ያልተጻፈላት፥ አንድ ጋቢና ሁለት ማሰሮ ብቻ ትታ የሄደች ባልቴት ስትሞት ግን ሠላሳው ቀን ያልፋል። ለቅሶው ይደምቃል፥ ድንኳኑ ይነሣል፥ የልጅ ልጆቿም ወደየትምህርት ቤታቸው ይመለሳሉ። ከእነርሱ አንዱ ማንበብና መጻፍ ያውቃል፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም።