ባለቤትና እንግዳ በከተማ

ከተማ በፍጥነት ሲያድግ መንገዱም፣ ውሃውም፣ ቤቱም አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃሉ፦ የከተማው ሰው የሚባለው ማን ነው? «አካታች ከተማ» የሚለው አጠራር የቅርብ ጊዜ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ከተሞች ሁሉን አቀፍ እንዲሆኑ የሚጠይቀውን 11ኛውን የዘላቂ ልማት ግብ ተከትሎ በየመሥሪያ ቤቱ ተለመደ። መካተት ግን አካታች ይሻል። ቃሉ ቀድሞ የተቀመጠ ባለቤትንና ደጅ የቆመ እንግዳን ያስባል፤ ባለቤቱ ቸር ከሆነ ይከፍታል፣ ካልሆነ ይዘጋል። የከተማ ንድፍ የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሆነው ይህ ባለቤትነት ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያውን ከተማ የሠራው ወንድሙን የገደለው ቃየን ነው፤ በልጁ በሄኖክ ስም ሰየማት። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ ምድር የእግዚአብሔር እንደሆነች፣ የሚኖርባትም ሕዝብ መጻተኛ እንደሆነ ይናገራል። በዚህ ሕግ የተሸጠ ርስት በኢዮቤልዩ ዓመት ለቀድሞ ባለይዞታው ይመለሳል። የሚገርመው ግን ይኸው ምዕራፍ በቅጥር የተከበበ ከተማ ውስጥ ያለውን ቤት ለይቶ ማውጣቱ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከተሸጠ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠ፣ ከሌዋውያን ቤት በቀር፣ ለገዢው ለዘለዓለም ይጸናል። የእርሻ መሬት ያጣ ገበሬ ተስፋ አለው፤ የከተማ ቤት ያጣ ሰው ግን የለውም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ቤትን ከቤት እያያያዙ ለሌላው ስፍራ የሚያሳጡትን ሲወቅስ፣ ሕጉ ክፍት የተወውን ቀዳዳ እያየ የተናገረ ይመስላል። ምድር የፈጣሪ ናት ብሎ የሚያምን ሰው በሌላው ላይ ባለቤት ነኝ ማለት ይከብደዋል፤ ሁለቱም በአንድ ደጅ የገቡ እንግዶች ናቸውና።

እስልምና ይህንን ጥያቄ በተግባር የመለሰበት ከተማ መዲና ነው። በሂጅራ ከመካ ተሰደው የመጡትን ሙሃጂሮች ነቢዩ ሙሐመድ ከከተማዋ ነዋሪዎች ከአንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። በመስጊዱም ሱፋ የሚባል ጥላ ያለው ስፍራ ነበር፤ ቤትና ዘመድ የሌላቸው ያድሩበት ነበር። በከተማዋ ዋና ሕንፃ ውስጥ ቤት አልባው ታስቦለታል ማለት ነው።

ፍልስፍና በዚህ ረገድ ወደኋላ የቀረ ነው። አርስቶትል ከተማ ለመልካም ኑሮ የተመሠረተ ማኅበር እንደሆነ አስተማረ፤ ባሪያውን፣ ሴቷንና የእጅ ሠራተኛውን ግን ከዜግነት ሙሉ ድርሻ አራቀ። እርሱ ራሱ በአቴንስ የውጭ አገር ሰው ስለነበር እዚያ መሬት የመያዝ መብት አልነበረውም። ብዙ ዘመን ቆይቶ ፈረንሳዊው አንሪ ለፌቭር እ.ኤ.አ. በ1968 «የከተማ መብት» የሚለውን ሐሳብ ሲያቀርብ መሠረቱን ለወጠው፤ መብቱ የሚመነጨው ከይዞታ ሳይሆን ከመኖር፣ ከተማውን በየቀኑ ከመሥራት ነው አለ። አሜሪካዊው ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበውን ፍትሕን የመፈተኛ ዘዴም ወደ ንድፍ ማምጣት ይቻላል፦ ነዳፊው ነገ በዚያ ከተማ ውስጥ ሎተሪ አዟሪ ይሁን ባለሀብት፣ በእግሩ ይሂድ በተሽከርካሪ ወንበር ሳያውቅ ፕላኑን ይሥራ።

አዲስ አበባ ለዚህ ክርክር የምትመች ከተማ ናት፤ አፈጣጠሯም ሆነ አስተዳደጓ ጥያቄውን ደጋግሞ አንሥቶታልና። «ከተማ» ራሱ ከ«ከተመ» የወጣ ነው፤ ንጉሥ ከነሠራዊቱ ማረፉን ይናገራል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው ከእንጦጦ ሥር ሲቆረቁሯት የያዘችው የጦር ሰፈር መልክ ነበር። ቤተ መንግሥቱ አንድ ጉብታ ላይ ሲተከል መኳንንቱ በየፊናቸው ሌላ ጉብታ ያዙ፤ ጭፍራው፣ ሎሌው፣ አንጥረኛውና ጠጅ ጣዩ በጌታው አጥር ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ዛሬም ድረስ ቦታዎች በራስ መኮንን፣ በራስ ብሩና በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ይጠራሉ። ባለጠጋና ድሃ አንድ መንገድ፣ አንድ ደብር፣ አንድ ገበያ ይጋሩ ነበር። ይህንን ቅርበት እኩልነት ብሎ ማወደስ ስህተት ነው፤ የተቀራረቡት ጌታና ሎሌ ናቸው። ነገር ግን ድሃው ከእንጀራው አልራቀም፤ ጌታውም ድሃውን ሳያይ ከደጁ መውጣት አይችልም ነበር።

ጣሊያን ሲገባ መለያየትን የፕላን መነሻ አደረገው። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ የአገሬው ሰው ገበያ ተብሎ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ መርካቶ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ወረራው ሲያበቃ የቀለም ድንበሩ ፈረሰ፤ የመሬትና የቤት ባለቤትነት ግን በጥቂቶች እጅ ቆየ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ለአከራዩ ቅጣት፣ ለተከራዩ እፎይታ ነበር። በትንሽ ገንዘብ መሀል ከተማ መኖር ተቻለ፤ ግድግዳውን የሚለስን፣ ጣሪያውን የሚቀይር ግን ጠፋ፤ ጭቃ ቤቱም ተከራዩም አብረው አረጁ።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲዘረጋ ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ሆነ። ዕጣ በሃይማኖትም በፍልስፍናም የተከበረ ነው። ኢያሱ ምድሪቱን ለነገዶች ያካፈለው በዕጣ ነው፤ ሐዋርያትም በይሁዳ ምትክ ማትያስን የለዩት በዕጣ ነው፤ አቴናውያን አብዛኛውን ሹመት በዕጣ ይሰጡ ነበር። ዕጣ ዘመድ አይለይም፣ ጉቦ አይበላም የሚለው እምነት ጥልቅ ነው። ለዚህም ነው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ሲሰረዝ የብዙዎች ልብ የተሰበረው፤ የታመነው ዳኛ ራሱ ተከሶ ተገኘ።

ዕጣው ንጹሕ በሆነ ጊዜ እንኳ ፍትሑ ሳጥኑ ውስጥ በገቡት መካከል ብቻ ነው። ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ዓመታት ሳያቋርጡ መቆጠብ፣ ዕጣ ሲወጣም ቅድሚያ ክፍያ ማዋጣት አለ። ለሴቶች 30 በመቶ መመደቡ ተገቢ እርምጃ ነበር። ሆኖም ዕጣ የወጣላት ድሃ ሴት ቤቱን ተረክባ፣ የባንኩን ዕዳ መክፈል ሲያቅታት ለሌላ አከራይታ፣ ራሷ ጠባብ ክፍል ተከራይታ የምትኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤት ተሰጥቷታል፤ መኖሪያ ግን አላገኘችም።

ከዕጣው ቀጥሎ ደረጃው ይመጣል። ከብሎኮቹ አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም፤ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ ሃያ ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን በትከሻ ይወጣል። ጉልበቷ የደከመ አሮጊት በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አሳርፋው የደረጃውን ብረት ይዛ ትቆማለች፤ የጎረቤት ልጅ ካላየላት እዚያው ትቆያለች። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዘዘ፤ አገሪቱም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጽድቃለች። ሆኖም ሕጉ በተጻፈበት ከተማ ውስጥ አንድ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ወደ ባንክ ለመግባት የዘበኛ ክንድ ይለምናል። ሦስት ደረጃ ሰውን ከሥራ፣ ከትምህርትና ከቅዳሴ ያስቀራል። ነዳፊው ደረጃውን ሲያሰምር ማንንም ለማስቀረት አላሰበም፤ ጥፋቱም ይኸው አለማሰቡ ነው። በአንጻሩ በየሳይቱ እርድ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልቅሶ የሚቀመጡበት የጋራ ሕንፃ መሠራቱ አንድ ሰው የነዋሪውን ኑሮ ጠይቆ እንደነደፈ ያሳያል።

ለመልሶ ማልማት የሚነሡ ሰዎች ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱን ብዙ አባወራ የሚጋራው ሰፈር እንዳለ ይኑር የሚል ሰው እዚያ ኖሮ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዱን አስፍቷል፤ ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮችንም አንሥቷል። ተነሺው ምትክ ቤት ሲያገኝ የግድግዳ ለውጥ ብቻ ሳይሆን የርቀት ለውጥም ይደርስበታል። ጉሊት ቸርቻሪዋ ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ የምትደረድርበት አንድ ክንድ የመንገድ ዳር የዕለት ጉርሷ ነው፤ ዱቤ የሚሰጧትና የምትሰጣቸው ደንበኞችም እዚያው ናቸው። እድሩም እንደዚያው ነው። ሲሞቱ ድንኳን የሚተክል፣ ሣጥን የሚያሠራ፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ ማኅበር በሰው ቅርበት የቆመ ነው፤ አባላቱ በከተማው ዳር ባሉት በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ ሲበተኑ ሰሌዳው ቢቀርም ሥራው ይሟሽሻል። ካሳ ሲተመን ግድግዳና ጣሪያ ይለካሉ፤ እነዚህን ግን መለካት ይከብዳል።

ከሁሉ የራቀው ገና በመምጣት ላይ ያለው ሰው ነው። ከተማ በፍጥነት ያድጋል ማለት ነዋሪው ነገ ከዛሬው ይበዛል ማለት ነው፤ ለዛሬው ነዋሪ ብቻ የተነደፈ ፕላን ሳይጸድቅ ያረጃል። መታወቂያም ቁጠባም የሌለው መጤ በዳር ከተማ ሌሊት ቆርቆሮ መትቶ ይገባል፤ ቤቱም ጨረቃ ቤት ይባላል፣ በጨረቃ ተሠርቷልና። እርሱ ራሱ «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» ነው። ሰፋሪና ሰፈር ከአንድ ግሥ ወጥተዋል፤ የጭፍራው የልጅ ልጅ ሰፈሬ ብሎ የሚኮራበት ቦታም አያቱ መጥቶ የሰፈረበት ነው። ይህ ማለት ወንዝ ዳርና ገደል ላይ ይሠራ ማለት አይደለም፤ ዝናብ ሲጥል የሚወሰደው ልጅ የመጤው ልጅ ነውና። ያለው አማራጭ ቀድሞ መዘጋጀት ነው፦ ቤቱን ሳይሆን ቦታውን መሸንሸን፣ መንገዱን መተለም፣ ውሃውን ማድረስ፣ ቤቱን ሰውየው አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲሠራው መተው። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ እ.ኤ.አ. በ1971 መሬት ይዘው የሰፈሩ ብዙ ቤተሰቦች ከከተማዋ በስተደቡብ ወዳለ አሸዋማ ሜዳ ሲወሰዱ መንገዱና ቦታው ተተልሞላቸው ነበር። ቤቱን ግን በሰሌን ጀምረው በየዓመቱ በጡብ ያሳደጉት ራሳቸው ናቸው። ቪላ ኤል ሳልቫዶር የተባለው ይህ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1983 የራሱ ከንቲባ ያለው ወረዳ ሆነ።