ቤት የሠራ ሁሉ ረድቷልን?



ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የአንዲት አዛውንት እናት ቤት ሲታደስ እኛ ጥቂት አባላት የሥራው ተካፋዮች ነበርን። አንድ ነጋዴ ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ሰጠ። ዕድሩ ጣሪያው እስኪመለስ ድረስ እናታችን የሚያርፉበትን ድንኳን ተከለ። እኛም ጭቃውን በጭድ አቡክተን ግድግዳውን መረግን። ሥራው ባለቀ ዕለት ነጋዴው ፎቶግራፍ አንሺ አስመጥቶ፣ «እማማ፣ ቁልፉን ከፍ አድርገው ይያዙልን» አላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ቤቱን መርቄ እቀበላለሁ፤ ፊቴን ግን ተዉልኝ» አሉ። ሆኖም ፎቶግራፉ ተነሣ። እኛም ካጨበጨቡት መካከል ነበርን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያከራክረን ሰንብቷል። ይኸውም፣ ነጋዴ ከማኅበር ጋር ተባብሮ ለድኻ ቤት ሲሠራ የራሱንም ጥቅም ቢፈልግ ሥራው በጎ ሊባል ይችላል ወይ? የሚል ነው።

በመጀመሪያ የችግሩን ክብደት እንመልከት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የኪራዩ ማነስ ድኻውን ጠቀመው፤ ነገር ግን ለማደሻ የሚተርፍ ገንዘብ ስለማይገኝ ብዙዎቹ ቤቶች አረጁ። ኋላም የኮንዶሚኒየም ቤቶች በብዛት ተሠሩ። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በታሰበው በ10/90 መርሐ ግብር እንኳ ተመዝጋቢው ከዋጋው 10 በመቶውን አስቀድሞ መቆጠብ፣ የቀረውንም በባንክ ብድር መክፈል ነበረበት። በጉሊት ንግድ የዕለት ጉርሷን የምታገኝ እናት ይህን ከየት ታመጣለች? እንግዲህ ነጋዴና ዕድር ተባብረው ሊሞሉት የሚችሉት ክፍተት ይህ ነው።

ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ «ጭቃችን ብቻውን ዝናብ አይመልስም። ሰውየው ስሙ ቢነሣለት በሚመጣው ክረምት ሦስት ቤት ያለብሳል። ለአንድ ፎቶግራፍ ብለን ሦስት ቤተሰብ ዝናብ ይምታው?» ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ንግግር አይደለም። ነጋዴው ስሙ በበጎ እንዲጠራ ቢወድ አንፈርድበትም፤ እኛም ምስጋና እንወዳለንና። ነገር ግን የዚያን ስም ዋጋ ማን ከፈለው? ነጋዴው በቆርቆሮ፣ እኛም በጉልበት ከፈልን። እናታችን ግን ሳይፈቅዱ በክብራቸው ከፈሉ።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ የተመሠረተውን ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲን እንውሰድ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሚላርድ ፉለር ራሱ በንግድ የከበረ ሰው ነበር። ድርጅቱ የነጋዴዎችን እርዳታ ይቀበላል። ሆኖም ቤቱን የሚረከበው ቤተሰብ በጉልበቱ ይሠራል፤ ዋጋውንም ቀስ በቀስ ይከፍላል፤ የተከፈለውም ለሌላ ሰው ቤት መሥሪያ ይውላል። ስለዚህ ተረካቢው ተመልካች ሳይሆን ሸሪክ ነው። የአገራችንም ደቦ ይህንኑ ያውቃል። ቤት የሚሠራለት ሰው ለሠራተኛው የሚበላና የሚጠጣ ያቀርባል፤ በተራውም በሌላው ደቦ ይገኛል። ስለዚህ ማንም በማንም ፊት አያፍርም።

ይህን ስናስብ የራሳችን ጥፋት ታየን። በሥራው ቀን እናታችን ቡና ሊያፈሉልን ሲነሡ፣ «አይድከሙ፣ ይቀመጡ» ብለን ከልክለናቸው ነበር። ደግ የሠራን መስሎን ነበር። ለካ ከነጋዴው በፊት እኛ ነበርን ከሸሪክነት ያስወጣናቸው!

ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሳችን ይህ ነው፦ ነጋዴ ጥቅም ማግኘቱ በጎነቱን አያፈርሰውም፤ ጥቅሙን ከተረጂው ክብር ላይ ሲወስድ ግን ያፈርሰዋል። በሚመጣው ክረምት፣ አንደኛ፣ ሥራው ሳይጀመር የቤቱ ባለቤት ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ ቡናም ቢሆን የሚችሉትን ያዋጡ። ሦስተኛ፣ የነጋዴው ቆርቆሮም፣ የቀን ሠራተኛው ጉልበትም፣ የባለቤቷ ቡናም በአንድ የዕድር መዝገብ ተጽፎ በጉባኤ ይነበብ። ነጋዴው ምስጋናውን እዚያው ያገኛል።

ወደ እናታችን ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። እሳቸውም ቡና አፍልተው አጠጡን፤ በዚህ ጊዜ ማንም «ይቀመጡ» አላላቸውም። እናንተስ ወንድሞችና እኅቶች፣ ምን ትላላችሁ?