የሰፋችልንን ልብስ እናሳይ
(የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መምህራትና ተማሪዎች መታሰቢያ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጣቢታ ስለምትባል ሴት እናነባለን። በኢዮጴ ከተማ ትኖር የነበረች፥ ለድሆች በጎ በማድረግ የታወቀች ደቀ መዝሙር ነበረች። ታማ በሞተች ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ተጠርቶ መጣ። ወደ ሰገነቱ በወጣ ጊዜ ባልቴቶቹ እያለቀሱ ከበቡት። ስለ ደግነቷ ረጅም ንግግር አላደረጉለትም፤ በሕይወት ሳለች የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ አወጥተው አሳዩት። ሐዋርያውም ማን እንደ ነበረች በእጅ ሥራዋ ዐወቀ።

እንግዲህ መታሰቢያ ማለት ይህ ነው እንላለን። ያስተማረንን ሰው ማሰብ ማለት የተሰጠንን ገልጦ ማሳየትና ለሌላው መስጠት ነው። ዛሬ በዚህ ጽሑፍ የአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህራትንና ተማሪዎችን ልናስብ የተነሣነው በዚሁ መንፈስ ነው።

ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው። «እኛ የደሴ ልጆች ስለ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ምን አገባን?» የሚል ቢኖር፥ ክሩ የሚጀምረው ከዚሁ ከእኛ ነው ብለን እንመልሳለን። በፒያሳ ከሚመላለሰው ወጣት መካከል የወይዘሮ ስህንን ስም የማያውቅ የለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ተምረናል ይሉናል፤ ዛሬም ፖሊቴክኒክ ኮሌጁ የሚጠራው በስማቸው ነው። ዳሩ ግን ወይዘሮ ስህን ማን ነበሩ ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፥ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ባለቤት፥ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። እቴጌ መነንም በ1883 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በአምባሰል ነው። የእናቲቱ ስም በደሴ፥ የልጅቱ ስም በአዲስ አበባ በትምህርት ቤት ላይ ተጽፎ ቀረ።

የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅን ፊደል ማስቈጠር እንደ ትርፍ ነገር ይታይ ነበር። የሴት ልጅ ዕውቀት ከማጀትና ከእንዝርት እንዳይወጣ ብዙ ወላጅ ይሻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ከከተማም ከጠቅላይ ግዛትም የመጡትን፥ በአዳሪነትም በተመላላሽነትም ልጃገረዶችን ተቀበለ። የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች እናስባቸው! ከእናታቸው ጉያ ወጥተው፥ የማያውቁትን ቋንቋና የማያውቁትን አልጋ ለመልመድ የደፈሩ ልጆች ነበሩ። እነርሱ ያን በር ባይከፍቱልን ኖሮ የዛሬዎቹ እኅቶቻችን ደብተር ይዘው መሄዳቸው ይህን ያህል ቀላል ባልሆነ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሥር ሳይሰድ የጣልያን ወረራ መጣ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ይህን ታሪክ የእኛ ትውልድ ለመረዳት አይቸገርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የእኛም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ የስንቱ ተማሪ ደብተር በስደት መንገድ ቀርቷል። የተዘጋ ትምህርት ቤት በር ምን እንደሚመስል ዐይተናል።

ከወረራው በኋላ ያን ትምህርት ቤት በዲሬክተርነት ከመሩት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ የተማሩት በስዊስ አገር ነው። ጠላት በመጣ ጊዜ የተማሩትን ይዘው ወደ ውጭ አልሸሹም፤ ጎሬ ወርደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር በቀይ መስቀል ቍስለኛ አስታመሙ። ተማርከውም በጣልያን አገር ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከግዞት ሲመለሱ ቀሪ ዕድሜያቸውን በቍጭት አላሳለፉትም፤ ወደ ልጃገረዶቹ ሄዱ። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር እየጻፉ ያሠሯቸው ነበር። በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመግባት የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በ2001 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከተማሪዎቹም አንዲቱን እናንሣ። የወይዘሮ ስንዱ ታናሽ እኅት የውብዳር ገብሩ ይባሉ ነበር። በሕፃንነታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊስ ሄደው ከተመለሱ በኋላ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገቡ። እርሳቸውም በወረራው ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘዋል። ከነፃነት በኋላ የሙዚቃ ትምህርታቸውን በውጭ አገር ለመቀጠል ያሰቡት ሳይሳካ ሲቀር፥ ገና በ19 ዓመታቸው ቤተ ሰባቸውን ትተው ወደ እኛ አገር መጡ። ወዴት? መስከረም 21 ቀን ለንግሥ ምእመናን ወደሚተሙባት ወደ ግሼን ደብረ ከርቤ! በዚያ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፥ በጭቃና በድንጋይ ጎጆ እየኖሩ አገለገሉ፤ በ21 ዓመታቸውም መነኰሱ። ዓለም የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እኚህ ናቸው።

ኋላም በጎንደር ሳሉ ዜማ የሚማሩ ወጣቶች ቍራሽ እየለመኑ፥ መጠለያ አጥተው ሲያድሩ ዐዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ትምህርት ግን ነበራቸው። ስለዚህ በፒያኖ የደረሱትን ሙዚቃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸው ገቢው ለችግረኞች መርጃ እንዲውል አደረጉ። የኋለኛውን ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ገዳም ፈጽመው በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ልብ እንበል! አንዷ ትምህርት ቤት መርታለች፥ ሌላዪቱ መንናለች። መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ ፍሬያቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም የተማሩትን ለራሳቸው ጌጥ አላደረጉትም፤ ለሚማር ልጅ ሰፉበት።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የዚያ ትምህርት ቤት ስም ተለውጦ የካቲት 12 ተባለ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት። በበር ላይ የተጻፈ ስም ይነሣል፥ ይመለሳልም። በሰው ላይ የተሰፋ ልብስ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነሣም። ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ስንት መምህራት፥ ስንት ሞግዚቶች፥ ለአዳሪዎቹ እንጀራ የጋገሩ ስንት እናቶች በዚያ ግቢ አልፈዋል! እኛ ስማቸውን አንጠራም፤ እግዚአብሔር ግን አይረሳቸውም።

እንግዲህ ወገኖቻችን፥ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዳይሆንብን ምን እናድርግ? ከኩታበር፥ ከተሁለደሬ፥ ከአምባሰል መጥተው በከተማችን ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ እኅቶች አሉን። የሳምንት ስንቃቸው ሐሙስ ላይ ያልቃል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ትምህርቱን አቋርጠው ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ሳይደርሱ ይዳራሉ። ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር በመዝሙር ክፍል ከቆሙት መካከል ዛሬ የት እንዳሉ የማናውቃቸው የሉምን? ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ሻንጣ የያዘች ልጅ ስናይ «ማን ናት?» ብለን እናልፋለን። ከጣቢታ ጎረቤቶች አንዲቱ ልትሆን ትችላለች፤ የሚሰፋላት ግን አላገኘችም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድናደርግ እንመካከር። አንደኛ፥ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የስም መዝገብ ገልጠን ሦስት ሳምንት የቀረችውን እኅት ቤቷ ድረስ ሄደን እንጠይቅ። በወቀሳ አንሂድ፤ ምን እንደጎደለባት ለማወቅ እንሂድ። ሁለተኛ፥ ከፍ ያለ ክፍል የደረስን ለታናናሾቻችን በሳምንት ሁለት ማታ ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስጠና። ሦስተኛ፥ በከተማችን ዕድሜያቸውን በማስተማር የፈጸሙ እናቶች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ የሚሉትንም በደብተር እንጻፍ። ለዐረፉትም በጸሎታችን ስማቸውን እናንሣ።

ለወንድሞች ደግሞ የተለየ ቃል አለን። ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስንናገር አፋችን ይጣፍጣል። ነገር ግን እኅታችን ማታ ድስት ስታጥብና ለነገ ሊጥ ስታቦካ እኛ መጽሐፍ ገልጠን የምንቀመጥ ከሆነ፥ ንግግራችን ባዶ ነው። ውኃውን እንቅዳ፥ ድስቱንም እንጠብ፤ አንድ ሰዓት ለእኅታችን ይትረፍላት። ከጣቢታ መርፌ የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ባልቴቶቹ ልብሱን ባሳዩት ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ጣቢታም በእግዚአብሔር ኃይል ተነሣች። እኛ የሞተ ለማስነሣት አልታዘዝንም ይሆናል። የተቋረጠ ትምህርት ማስቀጠል ግን ከእጃችን የራቀ አይደለም።

አምላካችን ያስተማሩንን እናቶች ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም የተቀበልነውን የምናካፍልበትን ልብ ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።