ውጤት ይተነብያል ወይስ ያከፋፍላል?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በራያዋ ከተማ በቆቦ ያው ሙግት ይነሳል። የ2014ን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ገሚሱ «እውነቱ ወጣ» አለ፤ ገሚሱ «ልጆቻችንን ፈጁብን» አለ። በ2015 ደግሞ ከ845,188 ተፈታኞች ያለፉት 27,267 ሆኑ፤ ሙግቱም ባለበት ቀጠለ። ሁለቱ ወገኖች ግን ሳይመካከሩ የተስማሙበት ነገር አለ፦ ቁጥሩ የልጁን ነገ ይናገራል ብለው ያምናሉ። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ስምምነት ነው።

አንድ ውጤት ሁለት ሥራ ይሠራል። «ይህ ልጅ ወደፊት ይሳካለታል» ብሎ ይተነብያል፤ በዚያው አፍታም መጽሐፉን፣ መምህሩንና ወንበሩን ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ እጅ ሲያዙ ትንበያው ራሱን ያሟላል። በስምንተኛ ክፍል ውጤት የተመረጡ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራና መብራት ያገኛሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ሲያልፉ «ምርጫው ትክክል ነበር» እንላለን። ትምህርት ቤቱ ጎበዝ መረጠ ወይስ ጎበዝ አደረገ? ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይለይም።

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ በራሳቸው የእግር ኳስ ዓይነት ላይ ሲያነሱት ኖረዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋች በዋናነት የሚመለምሉት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ለልጆቹ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። በጅምላ ሲታይ ኮከቡ አይዋሽም፤ ባለ አምስት ኮከቦቹ ከባለ ሁለቶቹ ይልቅ ፕሮፌሽናል የመሆን ዕድላቸው በእጅጉ ይበልጣል። ነገር ግን ባለ አምስቶቹ ጥቂት፣ ከእነሱ በታች ያሉት ሺዎች ስለሆኑ፣ ከፕሮፌሽናሎቹ አብዛኞቹ የሚወጡት ከታችኞቹ ነው። ለምሳሌ ጄ.ጄ. ዋት የተባለው ተጫዋች ባለ ሁለት ኮከብ ነበር። የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ያለ ስኮላርሺፕ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በኋላ የፕሮፌሽናሉ ሊግ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተሸለመ። ብዙዎች ታሪኩን የሚጠቅሱት ደረጃ ከንቱ ነው ለማለት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁበት፤ ደረጃው ስለ ዋት መሳሳቱ የታወቀው በሩ ገርበብ ብሎ ስለቆየለት ነው። በነጥቡ ምክንያት በሩ ጨርሶ የተዘጋበት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ምን ይሠራ እንደነበር ማን አየ? ሊፈተሽ የማይችል ትንበያ ደግሞ መቼም አይሳሳትም።

የራያ ቆላ ገበሬ የሚመርጠውን ከሁኔታው ጋር አብሮ በመመዘን ከእኛ ይሻላል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ከጣለለት ዘግይቶ የሚደርሰውን ደጋሊት ማሽላ ይዘራል፤ ከቀረበት ቶሎ የሚደርሱትን፣ ከስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን እነ ሆርማትንና ጊራናን ይፈልጋል። ዘሩን ከዝናቡ ነጥሎ «አንደኛ» ወይም «መጨረሻ» አይለውም። የቆቦን ልጆች ውጤት ስናነብ ግን ዝናቡን እንረሳለን። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፤ ትምህርት ተቋርጧል። እዚህ የተገኘ 300 ነጥብና ሳይቋረጥ ከተማረ ልጅ የተገኘ 300 ነጥብ እንደ ማከፋፈያ እኩል ናቸው፤ እንደ ትንበያ ግን እኩል ናቸው ማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ልቤም ግማሽ በግማሽ ከእሱ ጋር ነው። ፈተናው የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ቢሮ ውስጥ አጎት የሌለው የገበሬ ልጅ ከፈተናው ሌላ ምን ምስክር አለው? በ2008 ፈተናው ተሰርቆ ሲወጣ፣ ተሰርዞም በሌላ ጊዜ ሲሰጥ፣ በየጊዜው ኩረጃው ሲንሰራፋ የተጎዳው ማን ነበር? ነጥቡን ትተን «ሁኔታው ይታይለት» ካልን ሁኔታውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከቀበሌ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤው ደግሞ ውሎ አድሮ ዋጋ ይወጣለታል። ለወረዳው የተወሰነ ነጥብ ይጨመር ብንልስ? ሁሉም ወረዳ የየራሱን መከራ ይዞ ይቀርባል። በአንድ አካባቢ ውስጥም ቢሆን የቆቦ ከተማ ልጅና የዞብል ተራራ ልጅ ያሳለፉት አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነበር፦ ፍትሐዊ አከፋፋይ መሆንና ጥሩ ተንባይ መሆን ይለያያሉ። ዕጣ ምንም ሳይተነብይ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፈተናውን እንደ አከፋፋይ አክብረን እንደ ነቢይ ልንጠረጥረው እንችላለን። ተቃዋሚዬ ግን አይለቀኝም። «ካልተነበየ ለምን ዕጣ አናወጣም?» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የእንግሊዝኛ መማሪያውን አንብቦ የማይረዳ ልጅ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ይፈትነዋል፤ ፈተናው ይህን አስቀድሞ ያውቃል። እንግዲያው ነጥቡ ልጁ ዛሬ ምን ያህል እንደተዘጋጀ ይናገራል፤ ምን ሊሆን እንደሚችል አይናገርም ልበል? ይህም ልዩነት ቀጭን ነው። ያልተዘጋጀውን ማንም ካላዘጋጀው ዛሬ የጎደለው ነገር ነገውን ሆኖ ይቀራል።

ልዩነቱ ሥጋ የሚለብሰው ከ50 በመቶው መስመር በታች ያሉ ተማሪዎች ተመርጠው ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሚሞከሩበት በሪሚዲያል ፕሮግራም ነው። እዚያ ትንበያው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ይፈተናል። ምርጫው በአገር አቀፍ ነጥብ ብቻ ከሆነ ግን አሮጌው ችግር ተመልሶ ይገባል። በ2014ቱ ፈተና ካስፈተኗቸው አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,161 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከሁሉ የበለጠውና ከሁሉ ያነሰው ልጅ አንድ ዓይነት ፍርድ ተቀበሉ፤ ፈተናው ልጆቹን መመዘኑን ትቶ ትምህርት ቤቱን መዝኗል። ቴክሳስ በ1997 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ ከየትምህርት ቤቱ ከፍተኛውን 10 በመቶ ለያዙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿን በር ከፍታለች። እኛም ከየትምህርት ቤቱ በዚያው አገር አቀፍ ፈተና ቀዳሚ ለሆኑት የሪሚዲያል ቦታ ብንይዝ የቀበሌ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የመምህር አድልዎም አይገባበትም።

ስለዚህ ውጤት አይተነብይም ማለት አልችልም። የምለው ከዚህ የጠበበ ነው፦ አንድ መቶ እኩዮቹን፣ በዚያው ክፍልና በዚያው ዓመት፣ የበለጠ ልጅ፣ ብልጫው ስለ እሱ የሚናገረው በአገር አቀፍ ደረጃ ያለው ተራ ቁጥር ከሚናገረው የበለጠ ሊሆን ይችላል። የሪሚዲያሉ ቦታ ሲሰጠው የሰጠነው የተሻለ ትንበያ ይሁን ወይስ ያለፈው ዘመን ካሳ፣ ለእኔ ገና አልተለየም። ካሳ ከሆነ ልጁ ቢወድቅም ተገቢ ነው፤ ትንበያ ከሆነ ግን በመውደቁ እንጠየቃለን። ቦታውን የሚሰጥ ክፍል ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ቢናገር፣ በየዓመቱ የምንሟገተው ቢያንስ ስለ አንድ ነገር ይሆን ነበር።